የከብት ደስታ በሽታ በአርብቶ አደሩ እግር አልመጣም፤ ያለ እርሱም አልጠፋም

ሰሞኑን ስለ ከብት ደስታ በሽታ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰና ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። የቅድመ አያቶቻችንን በሬ ከቀንበር ሥር ነጥቆ አገሩን ለክፉ ቀን የዳረገ፣ በአውሮፓውያን 2011 ደግሞ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀ በሽታ ታሪክ ለአዲሱ ትውልድ መነገሩ ተገቢ ነውና ጸሐፊው ርእሱን በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በቆላ ወረዳዎች በእንስሳት ጤና ሥራ ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ጽሑፉ አርብቶ አደሩን በአንድ በኩል ጥፋተኛ፣ በሌላ በኩል ዳር ቆሞ የሚመለከት አድርጎ መሳሉን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ጽሑፉን ላላነበበው ሰው የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። የክፉ ቀን ረሃብ ዋና ምክንያት ድርቅ ነበር፤ የከብቱ እልቂት የመጣው በዚያ ላይ ነው። በሽታውን ጣሊያኖች ሆን ብለው እንደ ጦር መሣሪያ አስገቡት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል በአገራችን የቆየው አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ስለሚዞርና ክትባት ስለሚሸሽ ነው። በመጨረሻ ያጠፉት የውጭ ሳይንስና የከተማ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ ጉዳዩ የተዘጋ ነው፤ በበግና በፍየል ላይ የቀረው ተመሳሳይ በሽታም ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። ምላሼን በዚሁ ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። አንዳንዱን ነጥብ ፈጥኜ አልፈዋለሁ፤ የክትባቱን ጉዳይ ግን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በድርቁ ልጀምር። በ1888 ዝናብ መጥፋቱን፣ አንበጣና ተምች መውረዱን የሚክድ የለም፤ ጸሐፊው ይህን ማስታወሳቸው ትክክል ነው። የሳቱት ቅደም ተከተሉንና ክብደቱን ነው። በሽታው በ1887 መጨረሻ ገደማ ምጽዋ ወደብ ላይ ከተራገፉ ከብቶች ተነሥቶ ሐማሴንን፣ አካለ ጉዛይንና ትግራይን አዳረሰ፤ በ1888 ወደ በጌምድር፣ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ዘለቀ። በየደረሰበት ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደጨረሰ ይገመታል። ድርቅ በዚህ አገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መጥቶ ያውቃል፤ ዝናቡ ሲመለስ ገበሬው ዘር ተበድሮም ቢሆን ያርስና ያገግማል። በዚያ ዘመን ግን ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት በሬ አልነበረውም።

ደጋ አገር ላደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንዱ በሬ የሞተበት ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባና ሁለቱን ጠምደው በተራ ያርሳሉ። ይህ ሥርዓት የተሠራው በሬ ባንዱ ቤት ሲሞት በሌላው ቤት ይተርፋል በሚል ልማድ ላይ ነው። ደስታ የገባበት መንደር ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሬ አልባ ይሆናል፤ መቀናጆ የሚገቡት ጎረቤት አይገኝም። ከላሟ ጋር ወተቱና ቅቤው፣ ለማገዶ የሚሆነው ኩበት፣ ነገ በሬ የሚሆነው ጥጃም አብሮ ይሄዳል። ከእልቂቱ ተርፋ ከቀረች ላም የተወለደ ወንድ ጥጃ ደግሞ ቀንበር ለመሸከም ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ረሃቡ ከ1888 እስከ 1892 የተራዘመበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው እስከ ዛሬ ሲተረክ የሚኖረውም ለዚሁ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ያነሡት ለአገሩ ሰው በእጅ ቆፍሮ መዝራትን ለማሳየት ነበር።

የረሃቡን ሙታን ቁጥር በሚመለከት፣ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት አከራካሪ ነው። አከራካሪ ያልሆነው ፈንጣጣና ኮሌራ የተራበውን ሰው ተከትለው መግባታቸው፣ ከብት የተረፈበት አገር ሁሉ የዘመቻ ዒላማ መሆኑና ሰው ቀዬውን ጥሎ መበተኑ ነው። ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጣሊያኖች በ1889 አስመራን ሲይዙ የገቡት በረሃብ ወደ ደከመ አገር ነበር። ባለቤቱ የሞተበትን ወይም የተሰደደበትን መሬት ባዶ ነው ብለው ለሰፋሪዎቻቸው መያዝ ጀመሩ፤ በ1894 መጨረሻ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ ካመፁባቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው የመሬት ነጠቃ ነው። አንድ የከብት በሽታ የአንድን ሕዝብ የመሬት ይዞታ እስከ መቀየር ሊደርስ መቻሉን ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ጽሑፉ ግን ሁሉንም ነገር ለዝናብ ሰጥቶ ይህን አልፎታል።

ሁለተኛው ነጥብ ጣሊያኖች በሽታውን ሆን ብለው አስገቡት የሚለው ነው። የምጽዋው ጦር ለቀለቡ ከባሕር ማዶ ከብት ማስመጣቱና በሽታው ከዚያው ጋር መግባቱ የታወቀ ነው፤ ታስቦበት የተደረገ ለመሆኑ ግን ማስረጃ የለም። ጸሐፊውም አላቀረቡም። በሽታው በመጀመሪያ የመታው ጣሊያኖች ራሳቸው ሊገዙት የፈለጉትን አገር ነው። የበሽታው መንሥኤ በማጣሪያ አልፎ የሚሄድ፣ ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር መሆኑ የታወቀውም ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1902 ኢስታንቡል ላይ ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ ባደረጉት ሙከራ ነው።

ሆኖም ይህን ስል ጣሊያኖችን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። አውሮፓ ይህን በሽታ ለዘመናት ታውቀው ነበር። ላንቺዚ የተባለው የጳጳሱ ሐኪም በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በሽታው ሮም አካባቢ በገባ ጊዜ፣ የታመመውን ከብት ማረድና የከብት ዝውውርን በሕግ መከልከል እንደሚያቆመው አሳይቷል። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በ1760ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው በሽታ ነበር። እንግሊዝም በ1865 እና በ1866 ከባድ ወረርሽኝ ደርሶባት በእርድና በእገዳ ነው የገታችው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መንግሥት ከብቱን ሳያቆይና ሳይመረምር ምጽዋ ላይ አራገፈ። በገዛ አገሩ ወደብ ላይ የማያደርገውን በሰው አገር ወደብ ላይ አደረገ። ይህ በማስረጃ የሚቆም ክስ ነው፣ ከባድም ነው። ማስረጃ በሌለው ሴራ ስንተካው እውነተኛው ጥፋት፣ ማለትም የተያዘ ከብት ያለ ቁጥጥር ድንበር ማሻገር፣ ከዓይናችን ይሰወራል። ይህ ጥፋት ደግሞ ዛሬም በየኬላው የሚፈጸም በመሆኑ ልንዘነጋው አይገባም።

ከምጽዋ የተነሣው እሳት በኢትዮጵያ አላቆመም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማሳዮችን ከብት አልባ አደረገ፤ በ1896 ዛምቤዚን ተሻግሮ በ1897 ኬፕ ደረሰ። ጎሽና ሌሎች ሰኮናቸው የተሰነጠቀ የዱር እንስሳት አብረው አለቁ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከብት ይግጠው የነበረው መስክ ቁጥቋጦ ለብሶ የቆላ ዝንብ መራቢያ ሆነ። ከምጽዋ እስከ ኬፕ በአሥር ዓመት! ይህ ፍጥነት ወደ ሦስተኛው ነጥብ ይወስደኛል።

ጽሑፉ በሽታው የተዛመተውም የቆየውም አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ስለሚዞር ነው ይላል። የቫይረሱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይደመድምም። የደስታ ቫይረስ ከከብቱ አካል ውጭ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፀሐይና ድርቀት ፈጥነው ይገድሉታል። የሚተላለፈው የታመመው ከብት ከጤነኛው ጋር ሲጠጋጋ፣ ትንፋሹን፣ የዓይንና የአፍንጫውን ፈሳሽ፣ ፋንድያውን ሲጋራ ነው። የዳነ ከብት በሽታውን ተሸክሞ አይኖርም፤ ዕድሜውን ሙሉም ዳግመኛ አይታመምም። ስለዚህ ቫይረሱ ሩቅ ለመጓዝ በየቀኑ አዲስ ከብት ማግኘት አለበት፤ ያን የሚያገኘው ደግሞ ከብት በብዛት ተጨናንቆ በሚነዳበት መንገድ ላይ ነው። የጦር ሰፈር ቀለብ፣ የዘመቻ ምርኮ፣ የነጋዴ መንጋና የገበያ በረት እንዲህ ያሉ መንገዶች ናቸው። በ1888 ቀድሞ የተመታው ከቀዬው የማይንቀሳቀሰው የደጋ ገበሬ መሆኑን ጸሐፊው ራሳቸው ከጻፉት ታሪክ ማየት በቻሉ ነበር።

አርብቶ አደሩ ግን በሽታ ሲሰማ ምን ያደርጋል? መንጋውን ከፋፍሎ ይበትናል፤ በሽታው አለ ወደተባለበት ውሃ ከብቱን አያወርድም፤ እንግዳ ከብት ከመንጋው አይቀላቅልም። በአፋር ዳጉ የሚባለውን ሥርዓት የሚያውቅ ይህን ይረዳል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ምንም ቢቸኩሉ አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ከብቱ ጤንነት ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ የሰሙትንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታቸው ነው። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ደብዳቤ ሲጻጻፍ ሳምንት የሚፈጀውን ወሬ ዳጉ በአንድና በሁለት ቀን አድርሶት አይቻለሁ። ይህን በበሽታ ቅኝት ቋንቋ ብንጠራው ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት ሥራ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እተውላቸዋለሁ፦ በሽታው በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ተደብቆ የቆየው በእርግጥ በቆላው መንጋ ውስጥ ነበር፤ ከዚያም በንግድ ከብት ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ነገር ግን እዚያ የቆየው በየዓመቱ የሚወለዱት ጥጆች ስላልተከተቡ ነው። ያልተከተቡበትን ምክንያት ጸሐፊው «ይሸሻል» በሚል አንድ ቃል ዘግተውታል። ያ ቃል ሊብራራ የሚገባው ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ዋልተር ፕላውራይት የተባለው ሳይንቲስት በ1960 ገደማ ኬንያ ሙጉጋ ላይ ያዘጋጀው ክትባት እጅግ ጥሩ ክትባት ነበር፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሙቀት አይችልም። ከማምረቻው እስከ ከብቱ ትከሻ ድረስ በበረዶ መጓዝ፣ ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በሚያልፍበት፣ መኪና መንገድ በሌለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ቡድኑ ከከተማ ሲነሣ የያዘው በረዶ በመንገድ ይሟሟል፤ አርብቶ አደሩ ደግሞ በበጋ፣ ከብቱ ከስቶና ተዳክሞ ሳለ፣ መኪና ወደሚደርስበት ቦታ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ ነድቶ እንዲያመጣው ይነገረዋል። ደክሞ የመጣው ከብት በሙቀት በሞተ ክትባት ይወጋና ይመለሳል፤ ከወር በኋላ በሽታው ሲመጣ ያው ከብት ይሞታል። በዚህ ላይ ከብቱን ሰብስቦ ማሳየት ለግብር ማስቆጠር ነው የሚለው ሥጋት አለ፤ ይህም ከባዶ የመጣ ሥጋት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ክትባት የሸሸ ሰው ልምዱን አምኖ ነው የሸሸው።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም፤ የዘመቻዎቹ ታሪክ ራሱ ይናገራል። ከ1962 እስከ 1976 በተካሄደው፣ ጄፒ 15 ተብሎ በሚታወቀው የአፍሪካ አገሮች የጋራ የክትባት ዘመቻ በብዙ አገሮች በሽታው ጠፋ ሊባል ምንም አልቀረውም ነበር። የቀሩት በማሊና ሞሪታንያ ድንበር፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ በኩል ያሉ ጥቂት ኪሶች ነበሩ፤ ሁሉም መኪናና በረዶ የማይደርሱባቸው ቦታዎች ናቸው። ዘመቻው አለቀ ተብሎ ገንዘቡ ቆመ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከእነዚያ ኪሶች ተነሥቶ በናይጄሪያ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ፈጀ። በ1986 እንደገና ሌላ አፍሪካ አቀፍ ዘመቻ መጀመር ግድ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ጥቂት መንጋዎች መተው የሃያ ዓመት ድካም እንዳስከፈለን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አራተኛው ነጥብ፣ ያጠፉት የውጭ ሳይንስና የከተማ ባለሙያዎች ናቸው የሚለው፣ በዚህ ታሪክ ላይ ሲቀመጥ ግማሽ እውነት ይሆናል። ሙቀት የሚችለውን ክትባት በጄፍሪ ማሪነር መሪነት ያዘጋጁት ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል መቆየት መቻሉ ሁሉን ነገር ለወጠ። ቢሾፍቱ ውስጥ ክትባት ሲያመርቱና ጥራቱን ሲመረምሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው እንጂ የላቸውም የሚል የለም። ግን ያ ክትባት በአፋር በረሃ በማን እጅ ከብቱ ጋ ደረሰ? በ1994 ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው 20 ያህል ሰዎች ሠለጠኑ። ብዙዎቹ የፊደል ትምህርት አልነበራቸውም። ክትባቱን በከረጢት ይዘው በእግራቸውና በግመል ከመንጋው ጋር እየተጓዙ በአንድ ዓመት ውስጥ 73,000 ያህል ከብት ከተቡ፤ ከተከተቡት ውስጥ ጥበቃ ያገኘው 83 ከመቶ ያህል ነበር። ከዚያ በፊት በመኪና የሚሄዱት የመንግሥት ቡድኖች ይህን ያህል ከብትም ይህን ያህል ጥበቃም አግኝተው አያውቁም። ከኅዳር 1995 በኋላ በአፋር የደስታ በሽታ መነሣቱ አልተዘገበም።

ይህን ቁጥር ደጋግሜ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ሃያው ሰው የሠሩት መርፌ መውጋት ብቻ አልነበረም። የትኛው መንጋ መቼ የት እንደሚያድር፣ የትኛው ጎሣ ከየትኛው ጋር ውሃ እንደሚጋራ፣ የትኛው ጥጃ ባለፈው ዓመት እንደተከተበና የትኛው እንዳልተከተበ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ከብቱም የራሳቸው የወንድማቸውና የአጎታቸው ከብት ስለሆነ ስለ ግብር የሚጠራጠራቸው አልነበረም። ማለዳ መንጋው ከበረቱ ከመውጣቱ በፊት ይከትባሉ፤ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ክትባቱም አይበላሽም፣ ከብቱም አይንገላታም። ከዚያ በኋላ በሽታው በእርግጥ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ሲያስፈልግ፣ ባለሙያዎቹ ሽማግሌዎቹን እያስቀመጡ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ውሃ ላይ፣ ምን ምልክት ያለው በሽታ እንዳዩ ይጠይቁ ጀመር። ዓይኑ የሚያነባ፣ አፉ የሚቆስል፣ የሚያስቀምጠውና በሳምንት ውስጥ የሚሞት ከብት የትና መቼ በመጨረሻ እንደታየ የሽማግሌዎቹ ትዝታ ከቤተ ሙከራ መዝገብ ጋር እየተገናዘበ ነው የቀሩት ኪሶች የታወቁት። ይህ አሠራር በኋላ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ተሠርቶበታል። በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቫይረሱ የተገኘው በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ ነው፤ በ2011 መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ። በዚህ ድል ላይ የአፋር፣ የቦረናና የሶማሌ ከብት አርቢ ስም የለበትም ማለት ታሪኩን ማዛባት ነው።

አምስተኛው ነጥብ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ። ጸሐፊው ጉዳዩ ተዘግቷል ሲሉ የበግና የፍየል ደስታ በሽታን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ለመሆኑ የከብቱም ደስታ ቢሆን ጨርሶ ተዘግቷልን? ክትባቱ ከቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ከብት ሁሉ ለማለት ይቻላል መከላከያ የለውም። ቫይረሱ በጥቂት ፈቃድ ባላቸው ተቋማት ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከእነዚህ አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ ነው። ስለዚህ ጥበቃው በእኛም ትከሻ ላይ ነው።

ወደ በግና ፍየሉ ስመለስ፣ የዚህ በሽታ ቫይረስ የከብቱ ደስታ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1942 ኮትዲቯር ውስጥ ታውቆ ወደ ምሥራቅ እየሰፋ መጣ፤ በአገራችን በ1977 አፋር ውስጥ ተጠርጥሮ በ1991 በምርመራ ተረጋገጠ። መከላከያ በሌለው መንጋ ውስጥ ሲገባ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሊገድል ይችላል። በ2016 እና በ2017 ሞንጎልያ ውስጥ ሳይጋ የሚባሉትን የዱር አጋዘኖች በሺዎች ፈጅቷል። በ2015 አቢጃን ላይ የዓለም አገሮች በ2030 ለማጥፋት ተስማምተዋል፤ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለዓመታት የሚከላከል ጥሩ ክትባትም አለው፣ ቢሾፍቱም ይመረታል።

«ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም» የሚለው ቃል ፍየል ምን እንደሆነች ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። በቆላ ቤት ውስጥ ላሟ በበጋ ወተቷ ሲደርቅ ለሕፃኑ የምትታለበው ፍየሏ ናት። እህል የሚገዛው፣ የልጅ የትምህርት ወጪ የሚሸፈነው፣ በሽተኛ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ፍየል ተሽጦ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የሚገባው በሴቶች እጅ ነው። በሽታውን በክትባት መከላከሉ ሙያዊ ችግርም አለው። ከብት ቀስ ብሎ ይራባል፤ ፍየል ግን በዓመት ውስጥ ስለምትወልድ፣ የተከተበውም ስለሚታረድና ስለሚሸጥ፣ ዘንድሮ ሙሉ በሙሉ የተከተበ መንጋ ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሹ ያልተከተበ ግልገል ይሆናል። ስለዚህ ከደስታ በሽታ ይልቅ ለዚህ በሽታ የአካባቢው ሰው በየወቅቱ መገኘት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ በመኪና የሚመጣ ቡድን አይደርስበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምሥራቅ ቆላ ወረዳ ለሌላ በሽታ ክትባት ሄደን ሳለ ያየሁትን ልናገር። ጎሕ ሲቀድ በረቱ ጋ ስንደርስ አንዲት እናት አንዲት ፍየል በሁለት እጃቸው ታቅፈው ጠበቁን። የፍየሏ ዓይን በደረቀ ፈሳሽ ተጣብቆ አይገለጥም፤ አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ ትተነፍሳለች። ምንም ሳንጠይቃቸው የላይኛውን ከንፈሯን ገልበጥ አድርገው ድዷን አሳዩን፤ ፉርሽካ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፣ ሽታውም ይሰነፍጣል። በመጽሐፍ የተማርነውን ምልክት ሁሉ በቅደም ተከተል ነገሩን፤ በሽታው ከየትኛው ገበያ በተገዙ ፍየሎች እንደመጣና ስንት ቀን እንደሆነውም ጭምር። ለዚያ በሽታ የሚሆን ክትባት ግን አልያዝንም ነበር፤ የሚመለከተው ቢሮ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ለዚያ ወረዳ አልመደበም። በአስተርጓሚ ይህን ስነግራቸው እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ድሮ የከብቱን መድኃኒት ይዘው ሲመጡ ለፍየሎቹም ይወጉልን ነበር። አሁን ለምን ተዉት?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። የከብቱ ደስታ ክትባት በግና ፍየልንም ከዘመዱ በሽታ ስለሚከላከል በየቦታው ለዚያ አገልግሏል። የከብቱ በሽታ መጥፋቱን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ሲያስፈልግ ክትባቱ እንዲቆም ተወሰነ፤ ያ ውሳኔ ለዓለም ድል አስፈላጊ ነበር። ዋጋውን ከከፈሉት መካከል ግን የእኚህ እናት ፍየሎች ይገኙበታል፤ በምትኩ የራሳቸው ክትባት ቢኖርም ወደ በረታቸው አልደረሰም። ይህን በአስተርጓሚ ላስረዳቸው ሞከርሁ። ጨርሰው ካዳመጡኝ በኋላ ፍየሏን ከመንጋው ለይተው ብቻዋን ከግራር ጥላ ሥር አሰሩና፣ ልጃቸውን ጠርተው ጎረቤት ሰፈር ላሉት ፍየሎቻቸውን ወደዚያ ውሃ እንዳያወርዱ እንዲነግራቸው ላኩት። ልጁ ወዲያው ተነሥቶ ሄደ። እኛ ሪፖርቱን ለወረዳው የጻፍነው ከተማ ከተመለስን በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ነበር።